ሽማግሌ ያጣው ቤተ ሙከራ

የእህቴ ልጅ የኬሚስትሪ መምህርት ናት። በሀገራችን ካሉት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች በአንዱ ታስተምራለች፤ ከማስተማሩ ጎን ለጎንም የሦስተኛ ዲግሪ ምርምሯን ትሠራለች። ዐቢይ ፆም በገባ ሰሞን ደውዬ «ሥራ እንዴት ይዞሻል?» ብላት፣ «ጋሼ፣ ቆሟል። ሁዳዴ እስኪፈታ ድረስ ካታሊስት የለም» አለችኝ።

ፆምና ኬሚስትሪን ምን አገናኛቸው ብዬ ቀልድ መስሎኝ ነበር። ነገሩ ግን ቀልድ አልነበረም። የልጅቱ የምርምር ጥሬ ዕቃ የእንቁላል ቅርፊት ነው። ቅርፊቱን የምትሰበስብላት ደግሞ ደብረ ማርቆስ የምትኖረው እናቷ፣ ማለትም የእኔ እህት ናት። እህቴ ከጎረቤትና ከቁርስ ቤቶች ለቅማ፣ አጥባ፣ ፀሐይ ላይ አስጥታ በማዳበሪያ ሞልታ በአውቶቡስ ትልክላታለች። የጎጃም ከተማ በሁዳዴ 55 ቀን ሙሉ እንቁላል አይሰብርም። ስለዚህ እናት የምትለቅመው ቅርፊት፣ ልጅም የምትመራመርበት ዱቄት ያጣሉ ማለት ነው።

እኔ የሕግ ሰው ነኝ። ኬሚስትሪን የተሰናበትኩት በ12ኛ ክፍል ማትሪክ ነው። ይሁን እንጂ ከዚያ የስልክ ጥሪ በኋላ ልጅቱን እየጠየቅሁ፣ ያገኘሁትንም እያነበብኩ ስሄድ፣ ነገሩ ከእንቁላል ቅርፊት አልፎ የገበሬው ማሳ፣ የመጠጥ ውኃችንና የመንግሥት ግዥ ሥርዓታችን ድረስ የሚዘልቅ ሆኖ አገኘሁት። ለዚህም ነው በዚህ ሳምንት ከወትሮው የፍርድ ቤትና የፖለቲካ ጉዳይ ወጣ ብዬ «አረንጓዴ ካታሊስት» ስለሚባለው ነገርና በእኛ ሀገር ይህንን ስለሚያጠኑ ሰዎች ኑሮ ለመጻፍ የተነሣሁት።

ካታሊስት ማለት ሽማግሌ ነው

ኬሚስቶች ካታሊስት የሚሉት ነገር ለጎጃም ሰው ጨርሶ እንግዳ አይደለም። ሁለት ቤተሰቦች ልጆቻቸውን ለማጋባት በልባቸው ይፈልጋሉ እንበል። ይሁን እንጂ አንደኛው ቀድሞ መጠየቅን ያፍራል፣ ሌላኛው ቀድሞ እሺ ማለትን እንደ ውርደት ይቆጥራል። በመካከላቸው የቆመ ጉብታ አለ። ሽማግሌ ሲላክ ያንን ጉብታ ዝቅ ያደርገዋል። ጋብቻው ተፈጽሞ ሲያበቃ ሽማግሌው ጋቢውን አደግድጎ እንደመጣው ሆኖ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ሙሽራ አልሆነ፣ ጥሎሽ አልወሰደ፤ በማግስቱ ሌላ ጋብቻ ለማስማማት ይነሣል።

ካታሊስትም እንዲሁ ነው። ሁለት ንጥረ ነገሮች ተዋሕደው ሌላ ነገር እንዲሆኑ ያግዛል፤ ሂደቱን ያፋጥናል፤ በመጨረሻ ግን ራሱ አያልቅም። «ካታሊሲስ» የሚለውን ስያሜ ለዚህ ነገር የሰጠው ስዊድናዊው ኬሚስት በርዜሊየስ ሲሆን ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1835 ነበር። ከደብረ ማርቆስ ተነሥቶ ወደ ሞጣ የሚሄድ መንገደኛ የጮቄን ጫፍ ወጥቶ ከመውረድ ይልቅ ዝቅ ያለ በር ቢያሳዩት እዚያው ሞጣ በቶሎና በትንሽ ድካም ይደርሳል። ካታሊስቱ የሚያሳየው ይህን በር ነው። ተራራውን አይንድም፤ ሌላ መንገድ ግን ያውቃል።

ምሳሌው ከዚህም ይዘልቃል። ሽማግሌ የማይሆነውን ጋብቻ እንዲሆን ማድረግ እንደማይችል ሁሉ፣ ካታሊስትም ተፈጥሮ የማትፈቅደውን ውሕደት አያስገኝም፤ የሚሆነውን ብቻ ያፋጥናል። ጥሩ ሽማግሌ ስምምነቱ ሌላ ጠብ እንዳይወልድ እንደሚጠነቀቅ፣ ጥሩ ካታሊስትም የሚፈለገውን ውጤት ብቻ ያወጣል እንጂ የማይፈለግ ተረፈ ምርት አያበዛም። ጉቦ የቀመሰ ሽማግሌ ከዚያ ወዲያ ማንንም እንደማያስታርቅ ሁሉ፣ ካታሊስትም «ይመረዛል»። ቃሉ የኬሚስቶች ነው። ጥቂት ድኝ ወይም እርሳስ ከላዩ ላይ ከተጣበቀበት ሥራውን ያቆማል። የመኪናችን የጭስ ማውጫ ውስጥ ፕላቲኒየም፣ ፓላዲየምና ሮዲየም የያዘው ካታሊስት እርሳስ ያለበት ቤንዚን የሚጠላው በዚህ ምክንያት ነው።

ጠላ ጠማቂዋ

እንግዲህ ይህ ሁሉ የፈረንጅ ጥበብ ነው የሚል ካለ ወደ ጎጃም ቤት ጓዳ ልውሰደው። እናቶቻችን ገብሱን ዘፍዝፈው ብቅል ሲያበቅሉ የሚያመርቱት ካታሊስት ነው። የገብሱ ፍሬ ሲበቅል በውስጡ ኢንዛይም የሚባሉ የተፈጥሮ ካታሊስቶች ይፈጠራሉ። ጠማቂዋ የደረቀውን ብቅል ፈጭታ ከጥንስሱ ጋር ስትቀላቅለው እነዚህ ኢንዛይሞች የእህሉን ስታርች ወደ ስኳር ይቆራርጡታል። ቀጥሎ እርሾው ስኳሩን ወደ አልኮል ይለውጠዋል። ጀርመናዊው ኤድዋርድ ቡክነር የእርሾን ሕዋስ ፈጭቶ፣ ሕይወት ያለው ሕዋስ ሳይኖር ጭማቂው ብቻውን ስኳርን ወደ አልኮል እንደሚለውጥ እ.ኤ.አ. በ1897 አሳየ፤ በ1907ም የኖቤል ሽልማት ተሸለመበት። 

ልብ በሉ፤ ይህ ሁሉ የሚከናወነው በቤት ውስጥ ሙቀት፣ በተራ ውኃ፣ በእንስራ ውስጥ ነው። ከፍተኛ ግፊት የለም፣ የሚያቃጥል አሲድ የለም፣ አተላውም ለከብት ይሰጣል። የዘመኑ ኬሚስቶች «አረንጓዴ» የሚሉትና የሚመኙት የአሠራር ዓይነት ከዚህ ብዙም አይርቅም።

ከአየር የሚታፈስ ማዳበሪያ

እህቴ ቅርፊቱን የምትልክበት ጆንያ በሀገራችን «ማዳበሪያ» ተብሎ መጠራቱ በአጋጣሚ አይደለም። ስሙን ያገኘው በውስጡ ከሚመጣው ዩሪያና ዳፕ ነው። ዩሪያም የካታሊስት ልጅ ነው።

የምንተነፍሰው አየር አብዛኛው ናይትሮጂን ነው። ተክል ግን በቀጥታ ሊጠቀምበት አይችልም፤ ሁለቱ የናይትሮጂን አቶሞች እጅግ አጥብቀው ተያይዘዋልና። ጀርመናዊው ፍሪትዝ ሐበር እ.ኤ.አ. በ1909 ናይትሮጂንን ከሃይድሮጂን ጋር አዋሕዶ አሞኒያ ማምረት እንደሚቻል አሳየ። ካርል ቦሽ ነገሩን ወደ ፋብሪካ አሳድጎት በ1913 ኦፓው በተባለ ቦታ ማምረት ተጀመረ። በመካከል የነበረው ትልቁ ችግር ርካሽና ጠንካራ ካታሊስት ማግኘት ነበር። አልዊን ሚታሽ የተባለው ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር በሺዎች የሚቆጠሩ ሙከራዎችን አድርጎ፣ ከጥቂት ተጨማሪ ማዕድናት ጋር የተደባለቀ ብረት ላይ ደረሰ። ዛሬም በመላው ዓለም የሚሠራበት በመሠረቱ ያው ነው። ዛሬ ከዓለም ሕዝብ ግማሽ ያህሉ የሚመገበው በዚህ መንገድ በተገኘ ናይትሮጂን በበቀለ እህል ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ይሁን እንጂ ሂደቱ ከ400 እስከ 500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀትና ከአንድ መቶ ሃምሳ በላይ የአየር ግፊት ይፈልጋል። ሃይድሮጂኑም በአብዛኛው የሚገኘው ከተፈጥሮ ጋዝና ከድንጋይ ከሰል ነው። በዚህም ምክንያት ዓለም ከምትጠቀመው ኃይል ውስጥ ከመቶ አንድ እስከ ሁለት እጁን ይህ አንድ ሂደት ብቻ ይበላዋል።

የጎጃም ገበሬ ከዚህ ጋር ያለውን ቁርኝት ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በ2015 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ በአማራ ክልል ገበሬዎች ማዳበሪያ አጣን ብለው አደባባይ መውጣታቸውን እናስታውሳለን። ከውጭ በዶላር የሚገዛ ነገር፣ የመርከብና የመንገድ ጉዳይ ታክሎበት፣ የዘር ወቅት ሲያመልጠው ገበሬው የሚያጣው የዓመት እንጀራውን ነው። የያዩ ማዳበሪያ ፋብሪካ ተጀምሮ ሳይፈጸም ቀርቷል። በነሐሴ 2017 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት ከዳንጎቴ ኩባንያ ጋር በጎዴ በዓመት 3 ሚሊዮን ቶን ዩሪያ የሚያመርት፣ 2.5 ቢሊዮን ዶላር የሚፈጅ ፋብሪካ ለመገንባት ተፈራርሟል። ይህ ፋብሪካ ሲቆም ልቡ ካታሊስት ነው። የካታሊስቱን ጠባይ የሚያውቅ፣ ሲመረዝ የሚያክም ባለሙያ ከአሁኑ ካላሠለጠንን ግን ያንንም በዶላር ልንገዛ ነው።

ሌላም ነገር አለ። የጎጃም ደጋ አፈር በአሲዳማነቱ የታወቀ ነው፤ ዩሪያ ሲደጋገምበት ደግሞ አሲዱ ይብሳል። ገበሬው ኖራ እንዲጨምር የሚመከረው ለዚህ ነው። ኖራና የእንቁላል ቅርፊት በኬሚስትሪ ቋንቋ ወንድማማቾች ናቸው፤ ሁለቱም ካልሲየም ካርቦኔት ናቸው።

«አረንጓዴ» ያሰኘው ምንድን ነው?

አሜሪካውያኑ ፖል አናስታስና ጆን ዋርነር እ.ኤ.አ. በ1998 የአረንጓዴ ኬሚስትሪን 12 መርሆች አወጡ። ለሕግ ሰው እንደ 12 አንቀጾች ናቸው። የመጀመሪያው አንቀጽ «ቆሻሻን ከማጽዳት ይልቅ ከመነሻው አለመፍጠር» የሚል መንፈስ ያለው ሲሆን፣ ዘጠነኛው ስለ ካታሊስት ነው። ከዚያ ቀደም ሮጀር ሸልደን የተባለ ኬሚስት አንድ ቀላል ስሌት አቅርቦ ነበር። ለአንድ ኪሎ ምርት ስንት ኪሎ ቆሻሻ ይወጣል? በነዳጅ ማጣሪያ ከአንድ ኪሎ አንድ አሥረኛ ያነሰ ነው። በመድኃኒት ማምረቻ ግን ከ25 እስከ 100 ኪሎና ከዚያም በላይ ይደርሳል። የምንውጠው ክኒን ከጀርባው የቆሻሻ ተራራ አለ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 የኬሚስትሪ ኖቤል የተሸለሙት ቤንጃሚን ሊስትና ዴቪድ ማክሚላን ክብሩን ያገኙት፣ ውድና መርዛማ ብረት ሳያስፈልግ በትናንሽ ኦርጋኒክ ሞለኪውሎች ብቻ የሚሠራ ካታሊስት በማግኘታቸው ነው።

የእህቴ ልጅ የእንቁላል ቅርፊትም በዚህ ተርታ የሚመደብ ነው። ቅርፊቱ ተፈጭቶ ወደ 900 ዲግሪ በሚጠጋ ሙቀት ለሰዓታት ሲቃጠል ካልሲየም ኦክሳይድ ይሆናል። ይህ ነጭ ዱቄት የምግብ ዘይትን ከሜታኖል ጋር አዋሕዶ ባዮዲዝል ለማድረግ የሚያገለግል ካታሊስት ነው። በተለምዶ ለዚህ ሥራ የሚውለው ኮስቲክ ሶዳ ሜታኖሉ ውስጥ ስለሚሟሟ፣ በኋላ እሱን ለማጠብ ብዙ ውኃ ይፈልጋል፤ ሳሙናማ ቆሻሻም ይተዋል። የቅርፊቱ ዱቄት ግን አይሟሟም ማለት ይቻላል፤ በወንፊት ወረቀት ተጠልሎ ይወጣና ለሌላ ዙር ይመለሳል። ሽማግሌው በሰላም ወደ ቤቱ ገባ ማለት ነው።

ቅርፊትን በዚህ መንገድ መጠቀም የእርሷ ግኝት አይደለም፤ በብዙ ሀገሮች የተጠና ነገር ነው። የእርሷ ጥያቄ ዱቄቱ ስንት ዙር ይሠራል፣ እንዴትስ ዕድሜው ይረዝማል የሚለው ነው። ካልሲየም ኦክሳይድ እርጥበትና የተቃጠለ አየር እየሳበ ቶሎ ይደክማልና። ጥያቄው ተራ እንዳይመስለን። በ2013 ዓ.ም. በደብረ ማርቆስና በቡሬ ትላልቅ የምግብ ዘይት ፋብሪካዎች ተመርቀዋል። ዘይት ባለበት ተረፈ ዘይት አለ፤ በየምግብ ቤቱም ተጠብሶበት የሚደፋ ዘይት አለ። የሚደፋውን ወደ ነዳጅ የሚለውጥ ርካሽ ዱቄት ለጎጃም ቅንጦት አይደለም።

የቤተ ሙከራው ውሎ

አሁን ወደ ኑሮው እንምጣ። በዚያ ክፍል የሚሠሩት ሁለት መምህራንና አራት ተመራቂ ተማሪዎች ናቸው። ምድጃው አንድ ነው። ወረፋው ግድግዳ ላይ ተለጥፏል፤ የሌሊቱን ተራ የሚመርጡ አሉ፣ ሌሊት መብራት አይቆራረጥም በሚል ተስፋ። ቅርፊቱ አራት ሰዓት መቃጠል ካለበትና በሦስተኛው ሰዓት መብራት ከጠፋ፣ የወጣው ዱቄት ግማሹ ቅርፊት፣ ግማሹ ካታሊስት ይሆናል። ያ ናሙና ይጣላል። «ስንቴ ጣልሽ?» ብላት «መቁጠር ትቻለሁ» አለችኝ።

ሌላው ከፍታው ነው። ከመጽሐፍ ላይ «ሜታኖሉን በ65 ዲግሪ አፍሉት» የሚል ይነበባል። ያ መጽሐፍ የተጻፈው በባሕር ጠለል ላይ ለሚኖሩ ነው። ከባሕር ጠለል 2,400 ሜትር በላይ ከፍ ባለች እንደ ደብረ ማርቆስ ያለች ከተማ አየሩ ስስ ነውና ውኃ በ92 ዲግሪ አካባቢ፣ ሜታኖልም በ57 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ክፍት በሆነ ዕቃ ውስጥ ከዚያ በላይ ማሞቅ አይቻልም። ስለዚህ በመጽሐፍ በሁለት ሰዓት የሚያልቀው ሥራ በደጋ ላይ ይዘገያል። ምክንያቱን ያልተረዳ ተማሪ ካታሊስቱ ደካማ ነው ብሎ ይደመድማል። «ሽሮ በጎጃም ደጋ ቶሎ የማይበስለው ለምን እንደሆነ እናቴ ታውቃለች፤ መጽሐፉ ግን አያውቅም» ትላለች። ይህ ደጋ ላይ የሚሠራ ሰው ለራሱ የሚጽፈው ዕውቀት ነው፤ ከውጭ አይገዛም።

ቀጥሎ ምርመራው ይመጣል። የዱቄቱን የውስጥ አደረጃጀት የሚያሳየው የኤክስሬይ መሣሪያ በእነርሱ ግቢ የለም። ናሙናው በጓደኛ በኩል ወደ አዲስ አበባ፣ አንዳንዴም ወደ ውጭ ይላካል። አንድ ጊዜ ወደ ውጭ የሚሄድ የሥራ ባልደረባ በሻንጣው ሊወስድላት ተስማምቶ ነበር። በመጨረሻው ቀን ግን ሐሳቡን ለወጠ። እኔም አልፈርድበትም፤ በፕላስቲክ የታሸገ ነጭ ዱቄት ይዞ በአውሮፕላን ማረፊያ ማለፍ ለማን ይመቻል? የእንቁላል ቅርፊት ነው ብሎ ማስረዳት ለጠበቃም የሚከብድ ክርክር ነው።

በዚህ ሁሉ ላይ ጦርነቱ አለ። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጆ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር። የክልሉ ዩኒቨርሲቲዎችም ተማሪዎቻቸውን በወቅቱ መጥራት አቅቷቸው ቆይተዋል። ምርምር ደግሞ ሌሎች ትናንት ምን እንዳገኙ ዛሬ ማንበብን ይጠይቃል።

መንገዱ የተዘጋ አይደለም

ተስፋ ቆርጠን እንዳንቀር አንድ እውነተኛ ምሳሌ ላንሣ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ትምህርት ክፍል ዶክተር ዮናስ ጨቡዴና በማድሪድ በስፔን የሳይንስ ምርምር ምክር ቤት የካታሊስት ተቋም የሚሠሩት ኢዛቤል ዲያዝ ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው ለዓመታት በኢትዮጵያ ማዕድናት ላይ ሠርተዋል። የጥናታቸው ማዕከል ዜኦላይት የሚባል፣ በውስጡ ወጥ የሆኑ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ያሉት ማዕድን ነው። ዜኦላይት በዓለም የነዳጅ ማጣሪያዎች ውስጥ ዋነኛው ካታሊስት ነው።

ሁለት ውጤታቸውን ብቻ ልጥቀስ። በስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውኃ ፍሎራይድ በዝቶበት የሰው ጥርስ እንደሚያበላሽና አጥንት እንደሚጎዳ ይታወቃል። የዓለም ጤና ድርጅት የሚፈቅደው በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። ተመራማሪዎቹ በኢትዮጵያ የሚገኘውን የተፈጥሮ ዜኦላይት አጥንት በተሠራበት ማዕድን ዓይነት ሸፍነው ፍሎራይዱን ከውኃው እንዲይዝ አደረጉት፤ እ.ኤ.አ. በ2013 እና 2014 ጥናቱን አሳተሙ። ሁለተኛው ደግሞ የኢትዮጵያን ካኦሊን፣ ማለትም ነጩን ሸክላ አፈር፣ አቃጥለውና በኮስቲክ ሶዳ አብስለው «ዜኦላይት ኤ» ማድረጋቸው ነው፤ ይህም በ2015 ታትሟል። ይህ ዱቄት በልብስ ማጠቢያ ሳሙና ውስጥ ፎስፌትን ይተካል። ፎስፌት ወንዝና ሐይቅ ሲገባ አረምን የሚመግብ ነገር ነው። ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ የእምቦጭን ታሪክ በጣና ላይ ላየን ሰዎች ሐይቅን ማዳበር ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም።

ከዚህ ታሪክ የምንማረው ቁም ነገር ጥሬ ዕቃውም ጥያቄውም የኛ ሆኖ መሣሪያው በጋራ ሲገኝ ሥራ እንደሚሠራ ነው። ያ ትብብር በአንድ ቀን የመጣ አይደለም፤ የዓመታት መመላለስ ውጤት ነው።

ሕጉ ሽማግሌ ነው ወይስ ጉብታ?

እዚህ ላይ ወደ ራሴ ሙያ ልመለስ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 44 ማንኛውም ሰው ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው ደንግጓል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 አለን። የአደገኛ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1090/2010 አለን። የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011 ዩኒቨርሲቲዎች ችግር ፈቺ ምርምር እንዲሠሩ ያዛል። በወረቀት ላይ አረንጓዴ ኬሚስትሪ የሚጠይቀው ሁሉ አለን ለማለት ይቻላል።

ችግሩ ያለው ከሕጉ መንፈስ ሳይሆን ከአፈጻጸሙ መንገድ ነው። የመንግሥት ግዥ ሕጋችን በ2016 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1333 ተሻሽሎ ወጥቷል። መሠረታዊ ሐሳቡ ትክክል ነው፤ የሕዝብ ገንዘብ በውድድርና በግልጽነት ይውጣ ይላል። በተግባር ግን 200 ግራም ኬሚካል የሚገዛውና 200 ወንበር የሚገዛው በአንድ በር ነው። ተመራማሪዋ ፍላጎቷን በዓመቱ መጀመሪያ ትሞላለች፤ የሁሉም ክፍል ፍላጎት ተጠቃልሎ ጨረታ ይወጣል፤ አቅራቢው የውጭ ምንዛሪ ይጠብቃል፤ ሰኔ 30 ሲደርስ በጀቱ ይዘጋል። በሐምሌ እንደገና ከሀ ይጀመራል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በብር የተያዘ የኬሚካል በጀት በዚያው ልክ አነሰ። የእህቴ ልጅ ሜታኖሉን ከአዲስ አበባ የገዛችው በመጨረሻ ከደመወዟ ነው።

ምርምር ደግሞ በጠባዩ አስቀድሞ ሊታቀድ የማይችል ነገር ነው። በመስከረም የማያስፈልግ ኬሚካል በጥር ሙከራው ሌላ መልክ ሲይዝ ያስፈልጋል። ሚታሽ በሺዎች የሚቆጠሩ ሙከራዎቹን በዓመታዊ ጨረታ አድርጎ ቢሆን ኖሮ ዛሬም ማዳበሪያ ባልነበረን።

ቆሻሻውም እንዲሁ ነው። አዋጅ 1090 አደገኛ ቆሻሻ በዘፈቀደ እንዳይጣል ይከለክላል። ይሁን እንጂ አንድ የዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ ያገለገለ ሟሚውን ለማን ያስረክብ? ልጅቱ በጠርሙስ እየሞላች፣ ስምና ቀን እየጻፈች መደርደሪያ ሥር ታስቀምጣለች። ጠርሙሱ ከዓመት ዓመት ይበዛል። ሕጉ አትጣሉ ይላል፤ የት እንደሚያደርሱት የሚያሳይ በር ግን አልከፈተም።

በእኔ እምነት መፍትሔው አዲስ አዋጅ አይደለም። አንደኛ፣ ለምርምር ኬሚካል የሚያገለግል የማዕቀፍ ስምምነት ቢኖር አቅራቢውና ዋጋው አንዴ በውድድር ተወስኖ ተመራማሪው በፈለገው ወር 200 ግራሙን ማዘዝ ይችላል። ሁለተኛ፣ ለተፈቀደ የምርምር ፕሮጀክት የተመደበ ገንዘብ ሰኔ 30 ላይ ሳይዘጋ እስከ ፕሮጀክቱ ፍጻሜ እንዲዘልቅ ይደረግ። ሦስተኛ፣ በአንድ አካባቢ ያሉ ዩኒቨርሲቲዎች ውድ መሣሪያን በጋራ ገዝተው በጋራ ይጠግኑ፤ አንዱ ግቢ የተበላሸ መሣሪያ፣ ሌላው ግቢ ባዶ ክፍል ይዞ ከመቀመጥ ይሻላል። አራተኛ፣ ናሙና ከሀገር የሚወጣበት አጭርና ግልጽ የጉምሩክ ቅጽ፣ ያገለገለ ኬሚካል የሚሰበሰብበትም አንድ የታወቀ ቦታ ይኑር። በአዋጅ ቁጥር 1294/2015 መሠረት ራስ ገዝ የሚሆኑ ዩኒቨርሲቲዎች ከእነዚህ አንዳንዶቹን በራሳቸው ደንብ ሊፈቱት ይችላሉ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያው ሆኗል። የጎጃሙ፣ የወሎው፣ የጋሞው ተመራማሪ ግን ያ ቀን እስኪደርስ መጠበቅ የለበትም።

እዚህ ላይ «ታዲያ ሌብነቱን ማን ይቆጣጠረዋል?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ሽማግሌም ሊመረዝ እንደሚችል ከላይ ብለናል። ነገር ግን ቁጥጥር ማለት ጉብታውን ከፍ ማድረግ ብቻ አይደለም። ሒሳቡን ከግዥ በኋላ በኦዲት መመርመር ይቻላል። ዛሬ ያለው ሥርዓት ሌባውን ማቆሙ ሲያጠራጥር፣ ሠራተኛውን ግን በእርግጥ አቁሟል።

መዝጊያ

ሁዳዴ ተፈታ። እህቴ በፋሲካ ማግሥት ከደብረ ማርቆስ ሁለት ማዳበሪያ ሙሉ ቅርፊት ላከች። በዓሉ ያስገኘው ምርት ነው። ሰፈርተኛው ሁሉ «ለልጂቱ ትምህርት» እያለ ቅርፊቱን በፌስታል አምጥቶላታል። ይህ ሕዝብ ምርምር ምን እንደሆነ አይገባውም የሚል ሰው ያንን በረንዳ ቢያይ መልካም ነበር።

ልጅቱ ግን በዚያው ሰሞን አንድ ደብዳቤ ደርሷታል። በውጭ ሀገር ያለ አንድ የካታሊስት ቡድን መጥተሽ ቀሪውን ምርምርሽን እዚህ ጨርሺ ብሏታል። እዚያ መብራት አይጠፋም፣ ኬሚካል በሦስት ቀን ይደርሳል፣ የኤክስሬዩ መሣሪያ ፎቁ ላይ ነው። «ጋሼ፣ ልሂድ ወይስ ልቆይ?» አለችኝ።

በሕግ ሙያዬ ብዙ ሰው ምክር ጠይቆኛል፤ እንዲህ የከበደኝ ጥያቄ ግን አላስታውስም። ሂጂ ብላት ሀገሬን፣ ቆዪ ብላት የእርሷን ዕድሜ የበደልኩ መሰለኝ። «እስኪ ላስብበት» ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። እያሰብኩበት ነው። በየሚኒስቴሩ ተቀምጣችሁ ይህን ጽሑፍ የምታነቡ፣ ግዥና በጀት በእጃችሁ ያለ የሥራ ኃላፊዎችም አብራችሁኝ ብታስቡበት ደስ ይለኛል። በዚህች ልጅና በሥራዋ መካከል ያለውን ጉብታ ዝቅ የማድረግ ሥልጣን ያለው እኔ ዘንድ ሳይሆን እናንተ ዘንድ ነውና።

ቸር ይግጠመን።